የአሥራ ሰባት ቁጥር አፈር

ረሂማ ሀምዱ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያላንኳኳችው በር ጥቂት ነው። አርባ ዓመት ሊሞላት ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ያሳለፈችው በመጠየቅ ነው። ተመራማሪዎች ጥያቄያቸውን አዘጋጅተው ይሰጧታል፤ እሷ በእግሯ፣ በባጃጅ፣ ሲገኝ በሚኒባስ እየዞረች መልሱን ሰብስባ ታመጣለች። ቦሩ ሜዳ ስለ ገብስ ዋግ ጠይቃለች። ገራዶ ስለ ፍቺ ጠይቃለች። ስለ እግር እብጠት፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ዓረብ አገር ስደት፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ ጠይቃለች። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ስምንት ወር ያህል፣ ሰዎች እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆነ ስትጠይቅ ከረመች። ያን ጊዜ የራሷም እንቅልፍ ጠፍቶ ነበር፤ እሷን ግን የጠየቃት የለም።

እናቷ፣ ጎረቤት «ልጅዎ ምንድን ነው ሥራዋ?» ሲላቸው፣ «እኔ እንጃ፤ ሰው ቤት ገብታ ስንት ፍየል አላችሁ፣ በሳምንት ስንቴ አስቀመጣችሁ ትላለች። እነሱም ይነግሯታል» ይላሉ።

በእርግጥም ይነግሯታል። አባቷ ደሴ ላይ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ደንበኛን ሳይቸኩሉ ማስቀመጥና ማጫወት ከእሳቸው የወረሰችው ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሥራዋ ንጹሕ ነበር። ሌሎች መረጃ ሰብሳቢዎች ፀሐይ ሲበረታባቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው የአሥር ቤት ቅጽ ከልባቸው ፈጥረው ይሞላሉ። ረሂማ አንዲት መስመር ከራሷ ጨምራ አታውቅም። የሰው ስም እንደማይወጣ የሚገልጸውን ቃል ስታነብም እንደ ወግ አታነበውም፤ ከልቧ ትምላለች።

ያን ዓመት ሦስት ጥናት ተደራረበባት። ሦስቱም የወደቁት አንድ ሠፈር ላይ ነበር፤ ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ፣ ባጃጅ ሃያ ደቂቃ የሚሄድባት ሸህ ኑር ውሃ የምትባል መንደር።

መጀመሪያ የመጡት የአፈር ተመራማሪው ዶክተር ኪዳኑ ናቸው። የአትክልት ጓሮዎች ለምነት እያጠኑ ስለነበር ከአርባ ጓሮ አፈር አንስታ በላስቲክ እንድታመጣላቸው አዘዟት። ቀጥሎ ሀፊዝ መጣ፤ ማኅበረሰብ የሚያጠና፣ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ የሆነ ወጣት መምህር ነው። የእሱ ጥያቄ፣ ሰዎች ልጅ ሲታመምባቸው መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚሄዱ፣ ሕመሙንስ ምን አመጣው እንደሚሉ ነበር። ሦስተኛዋ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሰርክአዲስ ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የደም ማነስ ያጠናሉ። ረሂማ ልጆቹን ታቅፋ ትይዛለች፤ ጣታቸው ይወጋል፣ ደማቸው መስታወት ላይ ይቀባል።

በሦስቱም ጥናት ከገባችባቸው ቤቶች አንዱ የቡዜ ነው። ቡዜ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ሙንዚር በባሕር ወደ ሳዑዲ ከተሻገረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ድምፁም ጠፍቷል። አራት ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ኢንሻራህ የምትባል ልጅ አለቻቸው። እናትና ልጅን የሚያኖራቸው የሙንዚር ወንድም ጀላል ነው። ጀላል የሞቱ የመኪና ባትሪዎች ከየጋራዡ ይሰበስባል፤ አብረው ከሚኖሩበት ቤት ጀርባ በመጥረቢያ እየፈለጠ ውስጡ ያለውን ግራጫ ብረት በትልቅ ድስት ያቀልጣል። የረጋውን እንደ ጡብ ደርድሮ ለነጋዴ ያስረክባል። አመዱን ጎመኑ ሥር ይበትነዋል፤ ለአፈር ጥሩ ነው ብሎ።

ቡዜ በመጀመሪያው ቀን፣ «እቱ፣ ስሜ አይወጣም አይደል? ጀላል ፈቃድ የለውም» አለቻት።

«ወላሂ አይወጣም። የቤትሽ ስም እዚህ ወረቀት ላይ ቁጥር ነው» አለቻት ረሂማ።

እውነቷን ነበር። በዶክተር ኪዳኑ መዝገብ የቡዜ ጓሮ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። በሀፊዝ መዝገብ የቡዜ ቤት ዘጠኝ ቁጥር ነው። በዶክተር ሰርክአዲስ መዝገብ ኢንሻራህ መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር ናት። ሦስቱ ተመራማሪዎች በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቢሮ ቢኖራቸውም እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ቢተዋወቁም ቁጥሮቹ አይገናኙም። አሥራ ሰባት፣ ዘጠኝና መቶ አሥራ ሁለት አንድ ቤት መሆናቸውን የምታውቅ ሰው ረሂማ ብቻ ነበረች።

ሚያዝያ ላይ ኢንሻራህን ስታያት ልጅቷ ከበፊቱ ተለውጣለች። ጥር ላይ «አፈር ወሰደች! አፈር ወሰደች!» እያለች የተከተለቻት ልጅ፣ አሁን ግድግዳ ተደግፋ ሆዷን ይዛ ትነጫነጫለች። የምታውቃቸው ቃላት እንኳ ጠፍተውባታል። የደም ማነስ ሽሮፕ ሁለት ወር ብትወስድም ፊቷ እንደ ገረጣ ነው። ረሂማ ይህን በቅጹ ጠርዝ ላይ በትንሽ ጽሕፈት አሰፈረችው፤ ለእንዲህ ያለ ነገር የተዘጋጀ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። በሥልጠና ላይ ደጋግመው የሚነግሯት፣ «የተጠየቀውን ብቻ ሙዪ፤ የራስሽን ሐሳብ አትጨምሪ» ነው። የጠርዙን ጽሑፍ ያነበበው የለም።

ግንቦት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ኪዳኑ ደወሉ። ድምፃቸው የተቆጣ ነበር።

«ረሂማ፣ አሥራ ሰባት ቁጥርን ከየት ነው ያነሳሽው?»

«ከጓሮው ነው ዶክተር። እንዳሉኝ ከአምስት ቦታ፣ ሃያ ሴንቲ ጥልቀት ቆፍሬ።»

«ከመንገድ ዳር አይደለም? ከጋራዥ አጠገብ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው መቆፈሪያሽ ቆሽሾ ነበር ማለት ነው። ከሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። እንዲህ ያለ ቁጥር ከጎመን መደብ አይወጣም። ጽሑፌን በዚህ ሳምንት ማስረከብ አለብኝ። ነገ ሄደሽ እንደገና አንሺልኝ፤ ካልሆነ ሰርዤ አወጣዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ መቆፈሪያዋን አውጥታ አገላብጣ አየችው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሥራሽ ቆሻሻ ነው ያላት ሰው አልነበረም። መቆፈሪያዋን ከየጓሮው ስትወጣ በውሃ ታጥባዋለች፣ ታደርቀዋለች፤ ይህን ስታደርግ ያያት ሁሉ ይስቅባት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሸህ ኑር ውሃ ደረሰች። ቡዜ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ረሂማ በአጥሩ ክፍተት ገብታ፣ ጎመኑ መካከል ተንበርክካ መቆፈር ጀመረች። ሁለተኛውን ጉድጓድ ሳትጨርስ ጥላ መጣባት። ቀና ስትል ጀላል ቆሟል። ፊቱ ጥቀርሻ ለብሷል።

«ይኸን አፈር ለማን ነው የምትወስጂው?»

«አሰላሙ አለይኩም ጀላል። ለጥናቱ ነው፤ ያኔ የነገርኳችሁ።»

«ያኔ ወስደሻል። አሁን ለምን መጣሽ? ማነው የላከሽ?»

«የበፊቱ ተበላሽቷል አሉኝ።»

«ሀቂቃውን ንገሪኝ። እኔን ለማስዘጋት አይደል?» ላስቲኩን ከእጇ ሊነጥቅ ጎንበስ አለ። ያዘው፤ ግን አልቻለም። ጣቶቹ ዛሉ፣ ላስቲኩም ወደቀ። ጀላል የራሱን እጅ በግርምት አየና ወደ ኋላው ደበቀው።

ያኔ ነው ከቤት ውስጥ የዕቃ መውደቅ ድምፅ የተሰማው።

ረሂማ ቀድማ ገባች። ኢንሻራህ መሬት ላይ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። ዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል፣ ከአፏ አረፋ ይወጣል። ረሂማ በጎኗ አስተኛቻት፤ በአንዱ ጥናት ሥልጠና ላይ ስለ ሚጥል በሽታ የተማረችውን አስታወሰች። ግንባሯን ዳሰሰች። ትኩሳት የለም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። መንቀጥቀጡ አላቆመም።

ቡዜ ጄሪካኗን በር ላይ ጥላ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ሸሁን ጥሯቸው፣ ቁርአን ይቅሩላት!» አለ አንዱ። «የእሳቱ ጅን ነው፤ ብያችሁ ነበር!» አለች ሌላዋ።

«ይቅሩላት፣ ዱዓም ይደረግ፤ ግን መንገድ ላይ» አለች ረሂማ ልጅቷን ብድግ አድርጋ። «ባጃጅ ጥሩልኝ!»

ጀላል በሩን ዘግቶ ቆመ። «ሐኪም ቤት ምን ያደርግላታል? ባለፈውም ሽሮፕ ሰጥተው መለሷት!»

«ጀላል፣ የወንድምህ ልጅ ናት። ሙንዚር ነገ ቢደውል ምን ትለዋለህ? በር ላይ ቆሜ ነበር ትለዋለህ?»

ጀላል ከበሩ ገለል አለ።

ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ መርፌ ወጋቻት፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። ልጅቷ ግን አልነቃችም። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቶ ስለነበር የሪፈር ወረቀት ይዘው ሚኒባስ ተኮናተሩ። ሾፌሩ የሀረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ጥሩንባ እየነፋ ወጣው። ቡዜ የልጇን እግር ይዛ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። ረሂማ የኢንሻራህን ትንፋሽ ትቆጥራለች። ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ልጅቷ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋ ነበር። ያን ጊዜ ረሂማ ልጅቷ እጇ ላይ የምትሞትባት መሰላት።

ደሴ ሆስፒታል አምስት ሰዓት ላይ ገቡ። ወጣቱ ተረኛ ሐኪም ልጅቷን አገላብጦ አየ፣ አንገቷን ወደ ፊት አጠፈ፣ ብርሃን ዓይኗ ላይ አበራ። ወባ የለባትም። ትኩሳት የላትም። «ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ከጀርባዋ ፈሳሽ ወስደን እናያለን» አለና ዕቃ እንዲዘጋጅ አዘዘ።

«ከዚህ በፊት ምን ታማለች?» ሲል ቡዜን ጠየቃት።

«ሆዷን ያማታል። ሌላ አላውቅም» አለች ቡዜ እያለቀሰች።

ረሂማ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። የማታውቀው ነገር ብዙ ነው፤ የምታውቀው ግን ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። የአሥራ ሰባት ቁጥር አፈር። በሽሮፕ የማይድን ደም። የጠፉት ቃላት። የጀላል የዛሉ ጣቶች። ደግሞም ቡዜ ራሷ ለሀፊዝ ጥናት የተናገረችው፣ ረሂማ በእጇ የጻፈችው ቃል፦ «ልጄን የለከፋት የእሳቱ ጅን ነው። ከቤቱ ጀርባ ማቅለጥ ከተጀመረ ወዲህ ነው የጀመራት።» ሀፊዝ ይህን በእምነት ክፍል ውስጥ መዝግቦታል።

ወደ ኮሪደር ወጣችና ዶክተር ኪዳኑ ጋ ደወለች።

«አነሳሽው?» አሉ።

«ዶክተር፣ ያ ቁጥር የምን ነበር? አፈሩ ውስጥ የበዛው ምንድን ነው?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«በአላህ ይንገሩኝ። ልጅ እየሞተች ነው።»

 «እርሳስ» አሉ።

ረሂማ ደረት ኪሷ ውስጥ ያለውን እርሳስ ዳሰሰች።

«መጻፊያው አይደለም» አሉ ዶክተር ኪዳኑ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ማዕድኑ ነው። ባትሪ ውስጥ ያለው። ረሂማ፣ እዚያ ጓሮ ባትሪ የሚሰብር ሰው አለ እንዴ?»

አልመለሰችላቸውም።  ወላሂ ብላለች፤ ፈርማለችም። የፈረመችው ወረቀት የተሳታፊን ማንነት ለሌላ ወገን ያሳወቀ ሰው ከሥራ እንደሚወገድ ይናገራል። ከሁሉ የከበዳት ግን መሐላዋ ነው። ስልኩን ዘግታ ወደ ክፍሉ ተመልሳ ቡዜ ፊት ተንበረከከች።

«ቡዜ፣ ስምሽን አላወጣም ብዬ ምዬልሻለሁ። አሁን መሐላዬን ፍቺልኝ። የጀላል ሥራ ነው ልጅሽን እያሳመማት ያለው መሰለኝ። አመዱ፣ ጭሱ። ለሐኪሙ ልንገረው።»

ቡዜ ዓይኗን አፈጠጠች። «ጀላል ቢታሰርስ? ማን ያበላናል? ሙንዚር የለ። ጎዳና ልውጣ?»

«አላውቅም። ይህን ልዋሽሽ አልችልም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

ነርሷ ዕቃ የያዘውን ትሪ እየገፋች ገባች። ቡዜ ትሪው ላይ ያለውን ረዥም መርፌ አየች፣ ልጇን አየች። «ንገሪው» አለች። «ስሜንም ጥሪ። የእሱንም ጥሪ። ልጄ ትትረፍልኝ።»

ረሂማ ለሐኪሙ ነገረችው። ሐኪሙ ሳያቋርጣት ሰማት፤ ግን ግራ ገባው። እርሳስ የመረዘው ልጅ አይቶ አያውቅም። «እርግጡን የሚያሳይ የደም ምርመራ እዚህ የለንም። አዲስ አበባ ነው የሚላከው። ማጅራት ገትር ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ደቂቃ ያስፈራል» አለ።

«ዶክተር ሰርክአዲስ ደሟን ከዚህ በፊት አይተዋል። ይደውሉላቸው፤ ስልካቸው ይኸው።»

ዶክተር ሰርክአዲስ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ አላነሱም። ነርሷ ልጅቷን በጎኗ አዙራ ጉልበቷን ወደ ደረቷ አጠፈች፤ ጀርባዋን ጠረገች። በሦስተኛው አነሱት።

ረሂማ ድምፁ ወደ ውጭ እንዲሰማ ስልኩን ከፍታ ለሐኪሙ ሰጠችው። እሱ የሚያየውን ተናገረ፣ ረሂማ ያለችውንም ጨመረ።  በወዲያኛው ጫፍ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«ቁጥሯ ስንት ነው? የልጅቷ ቁጥር?»

«መቶ አሥራ ሁለት» አለች ረሂማ ጎንበስ ብላ።

«መቶ አሥራ ሁለት… ቀይ የደም ሕዋሶቿ ላይ ነጠብጣብ ነበረ። ምክንያቱን አጥቼ ለብቻ አስቀምጬዋለሁ። ፈሳሹን አትውሰዱ! ሰማኸኝ? እርሳስ ከሆነ አንጎሏ አብጧል፤ ከጀርባ ብትቀዳ እዚያው ልትሞት ትችላለች። ለማጅራት ገትሩ መድኃኒቱን ጀምር፤ መርፌውን ግን ተው። የጉልበቷንና የሆዷን ራጅ አስነሳ። እየመጣሁ ነው።»

ራጁ ተነሳ። በጉልበቷ አጥንቶች ጫፍ ላይ ነጭ ጥቅጥቅ ያለ መስመር ነበር፤ ሆዷ ውስጥም እንደ አሸዋ የተበተነ ነገር ያበራል። ዶክተር ሰርክአዲስ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዘው ሲያዩ፣ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም ነበር። «አመዱን ስትበላው ከርማለች» አሉ።

እርሳሱን ከደም ይዞ የሚያወጣው መድኃኒት ደሴ አልነበረም። ኮምቦልቻም አልነበረም። ዶክተር ሰርክአዲስ አዲስ አበባ ያለች አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ጋ ደወሉ፤ እሷም ሌላ ጋ ደወለች። የማግሥቱ በረራ እስኪደርስ ሃያ አራት ሰዓት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሀፊዝና ዶክተር ኪዳኑ መጡ። ረሂማ ነበረች የጠራቻቸው። ሦስቱ ተመራማሪዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመው ተዋወቁ። ዶክተር ኪዳኑ ቁጭ ብለው ኮምፒውተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ከፍተው የአፈሩን ውጤት አሳዩ፤ ዶክተር ሰርክአዲስ የደሙን። ሀፊዝ የቡዜን ቃል አነበበ፤ አንብቦም ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈው።

«መቼ እንደጀመራት ጭምር ተናግራ ነበር» አለ። «ከየት እንደመጣ ጭምር። እኔ ግን ምን እንደሚያምኑ ነበር የምጠይቃቸው፤ ምን እንዳዩ አልጠየቅኋቸውም።»

ዶክተር ኪዳኑ ወደ ረሂማ ዞሩ። «መቆፈሪያሽ ቆሽሿል ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

«አጥፍቻለሁ» አሉ። በዚያ ኮሪደር ላይ፣ በሰው ፊት።

ጀላል አመሻሹ ላይ ደረሰ። ፖሊስ ሊይዘው እንደሆነ ሰምቶ በንዴት ነበር የመጣው። «ሰላይ! እህት መስለሽ ቤታችን ገብተሽ!» እያለ በረሂማ ላይ ጮኸ። ዘበኛ ሊያስወጣው ሲል ዶክተር ሰርክአዲስ አስቆሙትና፣ «እጅህን ወደ ፊት ዘርጋልኝ» አሉት። ሳይወድ ዘረጋ። ሁለቱም መዳፎቹ ከአንጓቸው ላይ ተንጠልጥለው ወደ ታች ወደቁ፤ ቀና ሊያደርጋቸው ሞከረ፣ አልቻለም። ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት ቀስ በቀስ ፍርሃት ሆነ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉት።

«ከጥር» አለ ጀላል። «ሆዴንም ይቆርጠኛል። ሥራ ያደከመኝ መስሎኝ ነው።» ከዚያ በመስታወቱ በኩል ኢንሻራህን አያት። ግድግዳውን ተደግፎ ወደ መሬት ተንሸራተተ። «ወላሂ አላወቅሁም። ጎመኑን እኮ እኔም እበላዋለሁ።»

ቡዜ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። 

መድኃኒቱ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መጣ። ኢንሻራህ ሌላ ሁለት ጊዜ ጣላት። በአምስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች፤ በስምንተኛው እናቷን ፈልጋ አለቀሰች። ነርሶቹ ያን ለቅሶ ሰምተው ተሰበሰቡ።

የረሂማ ጭንቀት ግን በዚህ አላበቃም። ነገሩ ሲሰማ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጠራት። አምስት ሰዎች ረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው አዛውንት ነበሩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«የሦስት ጥናቶችን መለያ ቁጥር ያገናኘሽው በማን ፈቃድ ነው?»

«በልጅቷ እናት ፈቃድ ነው ጌታዬ።»

«በጽሑፍ?»

«በቃል። አልጋ ዳር።»

«ባትፈቅድልሽስ ኖሮ?»

ረሂማ ለዚህ ጥያቄ ሦስት ሌሊት ስትዘጋጅ ከርማ ነበር። ቢሆንም ያሰበችውን መልስ ተወችው። «አላውቅም» አለች። «ምናልባት እናገር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሰው ደጅ ቆሜ ወላሂ ማለት አልችልም ነበር። ይህን ሥራ እተወው ነበር።»

ውሳኔው ሁለት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የደወለላት ተመራማሪ አልነበረም። እናቷ ምንም ሳይጠይቋት የወንድሟን ሱቅ እንድታግዝ ላኳት፤ እሷም ጨርቅ እየለካች ዋለች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ጥፋት አልተገኘባትም። ከዚያ በኋላ የሚዘጋጅ ማንኛውም የፈቃድ ቅጽ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲታይ ለሐኪም እንደሚነገር አስቀድሞ ለሰዉ እንዲገልጽ ተወሰነ። ዓረፍተ ነገሩን እንድታቃና የተሰጠው ለረሂማ ነበር፤ የገጠር ሰው እንዲገባው አድርጋ ሦስት ጊዜ ጻፈችው።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሸህ ኑር ውሃ ሕፃናት ሁሉ ተመረመሩ። በዘጠኝ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ አንዳቸውም ግን ኢንሻራህ የደረሰችበት አልደረሱም። ከቤቱ ጀርባ ያለው አፈር ተጠርጎ ርቆ ተቀበረ። ጎመኑም ተነቀለ። ጀላል አልታሰረም፤ ድስቱን ራሱ አስረክቦ ሕክምና ገባ። የቀኝ እጁ ተመልሶለታል፤ ግራው እስከ ዛሬ ይሰንፋል። ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ ጥበቃ ተቀጥሮ አሁንም ቡዜንና ልጇን ያግዛል። ቡዜ ቤቱን ትታ ከተማ አንድ ክፍል ይዛለች። ሦስቱ ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አብረው አወጡ። የቡዜ ቃል፣ የእሳቱ ጅን ያለችው፣ መቼ እንደጀመራት ከተናገረችው ጋር በመጀመሪያው ገጽ ገብቷል፤ ስሟ ግን የለም፤ እሷ እንደዚያ ነው የፈለገችው።

ኅዳር ላይ ረሂማ ልትጠይቃቸው ሄደች። ኢንሻራህ ደጃፍ ላይ ጠጠር ትደረድራለች። እስከ አራት ቆጠረችና ቆመች፤ እንደገና ከአንድ ጀመረች፣ እንደገና አራት ላይ ቆመች።

«ድሮ እስከ አሥር ታውቅ ነበር» አለች ቡዜ ቀስ ብላ። «ይመለስላታል ይላሉ ሐኪሞቹ?»

«የተወሰነው ይመለሳል ይላሉ። ሁሉም ይመለስ እንደሆነ ግን አያውቁም።»

ቡዜ ራሷን ነቀነቀች። የዚያን ዕለት ደሴ የክትትል ቀጠሮ ነበራቸው። ሦስቱም ወጥተው ሚኒባስ ያዙ፤ ኢንሻራህ በመስኮቱ በኩል፣ ረሂማ በበሩ በኩል፣ ቡዜ መሐል።